ጓያን ለምግብ ማዘጋጀትና የማብሰያ ዕቃ አመራረጥ

ለልማት ሠራተኞችና ለገበሬዎች ኅብረት ሥራ ማኅበራት የተዘጋጀ

መግቢያ

ጓያ በክረምቱ መውጫ በዋልካ መሬት ተዘርቶ በአፈሩ ውስጥ በቀረው እርጥበት የሚደርስ፣ ድርቅንም ሆነ የውሃ መተኛትን የሚችል ጥራጥሬ ነው። ሌላው አዝመራ በከሸፈበት ዓመት በገበሬው ጎተራ የሚገኘው ብዙ ጊዜ እርሱ ነው። ስለዚህ «ጓያ አትብሉ» የሚል ምክር ብቻውን በችግር ጊዜ ሰሚ አያገኝም። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ጓያን የግድ የሚመገብ ቤተሰብ ጉዳቱን እንዴት እንደሚቀንስ ማስረዳት ነው።

1. ጉዳቱ ከምን ይመጣል?

በጓያ ፍሬ ውስጥ ኦዳፕ የሚባል ነርቭን የሚጎዳ መርዝ አለ። አልፎ አልፎ፣ ከሌላ ምግብ ጋር ጥቂት የበላ ሰው አይታመምም። ከዕለት ምግቡ ሲሶው ወይም ከዚያ በላይ ጓያ ሆኖ ሦስትና አራት ወር የቆየ ሰው ግን እግሮቹ ሊተሳሰሩና ሽባ ሊሆን ይችላል። ይበልጥ የሚያጠቃውም ወጣት ወንዶችን ነው። ሽባነቱ አንዴ ከደረሰ የሚያድን መድኃኒት የለም።

በ1969 ዓ.ም. ገደማ በደምቢያ፣ ከ1987 ዓ.ም. በኋላ በነበሩት ዓመታትም በደላንታ ዳውንት በሽታው በወረርሽኝ መልክ ታይቷል። በደላንታ ዳውንት ብቻ የተጎዱት ሰዎች ወደ 2,000 ይደርሳሉ። ዝናብ ሲያጥር በፍሬው ውስጥ ያለው መርዝ ይጨምራል። ስለዚህ ብዙ ጓያ የሚበላበት የድርቅ ዓመት መርዙም የሚከፋበት ዓመት ነው።

በሽታው ከሚፈላው ጓያ እንፋሎት ወይም ገለባውን ከመርገጥ ይመጣል የሚሉ አሉ። ይህ ትክክል አይደለም። ከእንፋሎቱ ሸሽቶ ንፍሮውን የሚበላ ሰው ከአደጋው አልሸሸም።

2. የዕቃ አመራረጥ

ሀ. መዘፍዘፊያ፦ ለምግብ ወይም ለውሃ ብቻ ሲያገለግል የቆየ ባልዲ፣ ገንዳ ወይም ጀሪካን ይሁን። የፀረ ተባይ ወይም የፀረ አረም መድኃኒት የነበረበት ዕቃ ምንም ያህል ቢታጠብ ለምግብም ሆነ ለውሃ ማገልገል የለበትም። መድኃኒቱ እንዳለቀ ዕቃውን ሦስት ጊዜ አለቅልቆ፣ እጣቢውን ከሚረጨው ጋር ቀላቅሎ፣ ዕቃውን ዳግም እንዳያገለግል መብሳት ያስፈልጋል።

ለ. ማብሰያ፦ በደላንታ ዳውንት በተደረገ ጥናት ጓያን በሸክላ ዕቃ ብቻ በሚያበስሉ ሰዎች ላይ በሽታው በዝቶ ተገኝቷል። ይህ ማለት ሸክላ ብቻውን በሽታ ያመጣል ማለት አይደለም። ሆኖም ሌላ ዕቃ ያለው ቤት ጓያን በኢናሜል ወይም በማይዝግ ብረት ድስት ቢያበስል ይመረጣል። ከውዳቂ ብረታ ብረት ቀልጠው የሚሠሩ የአልሙኒየም ድስቶች እርሳስ የተባለው መርዛም ማዕድን ሊኖርባቸው ስለሚችል ወጥ፣ በተለይም ቲማቲም ያለበት፣ በውስጣቸው ባይታደር ጥሩ ነው።

3. አዘገጃጀት

መርዙ በውሃ ይሟሟል። ስለዚህ፦

ሀ. ጓያውን ለቅሞ ማጠብ፤
ለ. በብዙ ሙቅ ውሃ ዘፍዝፎ ማሳደር፤
ሐ. ጠዋት ውሃውን ደፍቶ ፍሬውን በንጹሕ ውሃ ማለቅለቅ፤
መ. ለመቀቀል ከሆነ በብዙ ውሃ አፍልቶ የመጀመሪያውን ውሃ መድፋት፣ ከዚያ በአዲስ ውሃ ማብሰል፤
ሠ. ለዱቄት ከሆነ የተዘፈዘፈውን በፀሐይ አድርቆ ማስፈጨት።

የሚደፋው ውሃ ለፈረስም ሆነ ለሌላ እንስሳ አይሰጥ።

ይህ ሁሉ መርዙን ይቀንሳል እንጂ ፈጽሞ አያጠፋም። ከአበላሉ ሁሉ የከፋው እሸቱን በጥሬው መብላት፣ ቆሎና ንፍሮ ናቸው። በእርሻና በጥበቃ የሚውሉ ወጣቶች የሚያዘወትሩትም እነዚህኑ ነው። በሽንኩርት፣ በነጭ ሽንኩርትና በዝንጅብል የተሠራ ወጥ፣ እንዲሁም ከእህል ጋር ተቦክቶ የተጋገረ እንጀራ ይሻላሉ።

4. ከእህል ጋር መቀላቀል

ለአንድ ጣሳ ጓያ ሦስት ጣሳ ጤፍ፣ ገብስ፣ ስንዴ ወይም ማሽላ መቀላቀል ይገባል። እህሉ የጓያውን ድርሻ ከመቀነሱም በላይ ጓያ የሚጎድለውን የፕሮቲን ዓይነት ያሟላል።

5. የልማት ሠራተኛውና የማኅበሩ ተግባር

ሀ. ምክሩን በቃል ከመስጠት ይልቅ ምግብ የሚያዘጋጁትን እናቶች ሰብስቦ ዝፍዘፋውንና ልኬታውን በጣሳ ሠርቶ ማሳየት።

ለ. የአባላትን ጓያ ችግሩ ሳይጠና ሰብስቦ መሸጥና በገንዘቡ እህል መግዛት። ጎተራው ጓያ ብቻ ከቀረው በኋላ ቀላቅሉ ማለት ዋጋ የለውም።

ሐ. ማኅበሩ ሽሮ የሚሸጥ ከሆነ ጓያ የገባበትን ለገዢው መንገር።

መ. መርዙ ዝቅ ያለ የተሻሻለ ዝርያ ሲገኝ ማሠራጨት፤ አዘገጃጀቱ ግን ያው መሆኑን ማስገንዘብ።

ሠ. ጓያ አዘውትሮ የሚበላ ሰው እግሬ ከበደኝ፣ ባቴን ጨመደደኝ፣ ስሮጥ ተደናቀፍሁ ካለ ጓያውን በዚያው ቀን እንዲተውና ወደ ጤና ጣቢያ እንዲሄድ ማድረግ።

በአንድ ቤት አንድ ሰው እንዲህ ካለ የቀሩትም የሚበሉት ከዚያው ድስት ነውና የቤተሰቡን ምግብ በሙሉ መመርመር ያስፈልጋል።