የተሰወረ ሕመም፤ በጡት ካንሰር ስለሚሠቃዩ እኅቶቻችን

ልዑል እግዚአብሔር ሰውን ከሥጋና ከነፍስ አዋሕዶ ስለ ፈጠረው፥ ነፍስን የምትጠብቅ ቅድስት ቤተ ክርስቲያን ስለ ሥጋም ልታስብ ይገባታል። ጌታችንና መድኃኒታችን ኢየሱስ ክርስቶስ ደቀ መዛሙርቱን በላካቸው ጊዜ የእግዚአብሔርን መንግሥት እንዲሰብኩና ድውያንን እንዲፈውሱ በአንድ ትእዛዝ አዘዛቸው እንጂ አንዱን ከሌላው አልለየም። ስለዚህ በዚህ መጽሔት ስለ አንድ የሥጋ ደዌ ስንጽፍ ከመንፈሳዊ ትምህርት የወጣን ለማንም አይምሰል።

ልንጽፍበት ያሰብነው ደዌ በአገራችን ቋንቋ የጡት ነቀርሳ፥ በዛሬው አጠራር የጡት ካንሰር የሚባለው ነው። ስሙን በጉባኤ መካከል ለመጥራት የሚያፍሩ ብዙዎች ናቸው። ነገር ግን ጡት እግዚአብሔር ለሕፃን ምግብ ያዘጋጀበት የከበረ የአካል ክፍል ነው። ቤተ ክርስቲያናችንም አምላክን የወለደች እመቤታችን ቅድስት ድንግል ማርያም ልጅዋን ጡቷን አጥብታ እንዳሳደገችው በጸሎቷና በምስጋናዋ ያለ ኀፍረት ትናገራለች። በመቅደስ ውስጥ በክብር የሚጠራው ነገር ሲታመም ስሙን መጥራት እንዴት ነውር ሊኾን ይችላል? ነውሩስ እኅቶቻችን በኀፍረት ምክንያት ዝም ብለው ሲሞቱ ዝም ብሎ ማየት ነው።

የቅድስት ማክሪና ታሪክ

ይህ ደዌና ይህ ኀፍረት ዛሬ የተጀመሩ አይደሉም። በ4ኛው መቶ ዓመት በቀጰዶቅያና በጳንጦስ አውራጃ የኖረችው ቅድስት ማክሪና የቅዱስ ባስልዮስ ዘቂሣርያና የቅዱስ ጎርጎርዮስ ዘኑሲስ ታላቅ እኅት ነበረች። እርሷ ካረፈች በኋላ ሥጋዋን ለግንዘት ሲያዘጋጁ፥ ከእርሷ ጋር ትኖር የነበረች አንዲት ሴት በደረቷ ላይ ያለውን ትንሽ ምልክት ለጎርጎርዮስ አሳይታ ታሪኩን ነገረችው፤ እርሱም በገድሏ ውስጥ ጻፈው።

ታሪኩ እንዲህ ነው። በማክሪና ጡት ላይ ክፉ እብጠት ወጥቶባት ነበር። እናቷ ኤሚልያ ለሐኪም እንድታሳይ ደጋግማ ለመነቻት፤ የሕክምና ጥበብም ለሰው ልጅ መዳን ከእግዚአብሔር የተሰጠ መኾኑን አስረዳቻት። ድንግሊቱ ግን ሰውነቷን ለባዕድ መግለጥ ከሕመሙ ይልቅ ስለ ከበዳት ወደ መቅደስ ገብታ ሌሊቱን ኹሉ በእንባ ስትጸልይ አደረች፤ በእንባዋ የራሰውንም አፈር ለሕመሟ መድኃኒት አደረገችው። ከዚያም እናቷ በእጇ በሕመሙ ቦታ ላይ እንድታማትብባት ለመነቻት። ኤሚልያም ባማተበች ጊዜ እብጠቱ ጠፋ፤ የተአምሩ ምስክር የኾነ ትንሽ ምልክት ብቻ ቀረ።

ይህን ታሪክ ሰምቶ ሐኪም አያስፈልግም የሚል ቢኖር ታሪኩን በሙሉ አላስተዋለውም። አንደኛ፥ ተአምር የእግዚአብሔር ነጻ ስጦታ ነው። እርሱ ለአንዲት ቅድስት በቸርነቱ የሰጠውን እኛ እንደ ዕዳ ልንጠይቀው አይገባንም፤ ይህማ እግዚአብሔርን መፈታተን ይኾናል። ሁለተኛ፥ ማክሪና ሕመሟን ከባዕድ ዓይን ብትሰውርም ከእናቷ አልሰወረችም። የዛሬዎቹ እኅቶቻችን ግን ከእናታቸውም፥ ከባላቸውም፥ ከንስሐ አባታቸውም ይሰውራሉ። ሦስተኛ፥ የኤሚልያ ቃል ከንቱ ኾኖ አልቀረም። ልጅዋ ቅዱስ ባስልዮስ ሕክምና እንደ እርሻ ጥበብ ኹሉ ለደካማው ሰው ከእግዚአብሔር የተሰጠ ረድኤት መኾኑን በሥርዓተ ምንኵስናው አስተምሯል፤ ጳጳስ በኾነ ጊዜም ከቂሣርያ ከተማ ውጭ ለድኾችና ለሕሙማን ታላቅ ቤት አሠርቶ ሐኪሞችንና አስታማሚዎችን አኖረበት። እንግዲህ ያ ቤተ ሰብ ጸሎትንና ሕክምናን አስማምቶ የያዘ እንጂ አንዱን በሌላው የሻረ አልነበረም።

የደዌው ጠባይ

ካንሰር የሰውነት ሕዋሳት ከተሰጣቸው ሥርዓት ወጥተው ያለ ልክ ሲበዙ የሚመጣ ደዌ ነው። እ.ኤ.አ. በ2022 በዓለም ላይ 2.3 ሚሊዮን ያህል ሴቶች በጡት ካንሰር መያዛቸው ታውቋል፤ በዚያው ዓመት በዚህ ደዌ የሞቱት ደግሞ 670 ሺህ ያህል ናቸው። በአገራችን በኢትዮጵያም ሴቶችን ከሚይዙት የካንሰር ዓይነቶች ቀዳሚው ይኸው ነው። ከታካሚዎቹም ብዙዎቹ 50 ዓመት ያልሞላቸው፥ ልጆቻቸውን ገና አሳድገው ያልጨረሱ እናቶች ናቸው። በጥቂቱም ቢኾን ወንዶችን ይይዛል።

ይህ ደዌ ሰውን የሚያታልለው በመዠመሪያው ብዙ ጊዜ ስለማያም ነው። የሚያም ነገር ሰውን ወደ ሐኪም ይገፋዋል፤ የማያም እብጠት ግን ይናቃል፤ በተናቀም መጠን ያድጋል። ስለዚህ ምልክቶቹን ማወቅ ይገባል። እነዚህም፦ በጡት ውስጥ ወይም በብብት ሥር የሚዳሰስ ጠጣር እብጠት፥ የጡት ቅርጽ ወይም መጠን መለወጥ፥ የቆዳው መሰርጎድ ወይም እንደ ብርቱካን ልጣጭ መኾን፥ የጡት ጫፍ ወደ ውስጥ መግባት፥ ከጡት ጫፍ ደም ወይም ያልተለመደ ፈሳሽ መውጣት፥ የማይድን ቍስል ናቸው።

ነገር ግን እብጠት ያገኘች ሴት ኹሉ ካንሰር ይዞኛል ብላ ተስፋ አትቍረጥ፤ አብዛኛው እብጠት ካንሰር ኾኖ አይገኝም። ይህን ለይቶ የሚያውቀው ግን ጎረቤት ሳይኾን መርማሪ ሐኪም ነው። እርሱም በእጁ ዳስሶ፥ በአልትራሳውንድ ወይም በማሞግራፊ አይቶ፥ በመርፌም ከእብጠቱ ናሙና ወስዶ አስመርምሮ ይፈርዳል። ካንሰር ኾኖ ቢገኝ በቀዶ ሕክምና፥ በኬሞቴራፒ፥ በጨረርና በልዩ ልዩ ኪኒን ይታከማል። ሳይሰራጭ የተደረሰበት ብዙ ጊዜ ይድናል፤ ወደ ሌላው የሰውነት ክፍል ከተሰራጨ በኋላ ግን ማስታገሥና ዕድሜን ማራዘም እንጂ ፈጽሞ ማዳን አስቸጋሪ ነው። በአገራችን ብዙዎች እኅቶቻችን ወደ ሆስፒታል የሚመጡት በዚህ በኋለኛው ጊዜ መኾኑ ልብን ያሳዝናል።

የዓለም የጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 በጀመረው የጡት ካንሰር መከላከያ ዕቅድ፥ ሕመምተኛዋ ወደ ጤና ተቋም ከመጣችበት ቀን አንሥቶ በ60 ቀን ውስጥ ምርመራዋ እንዲፈጸም ይመክራል። ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው። እንግዲህ አንዲት ሴት በዘወረደ ሰሞን እብጠቱን አግኝታ ትንሣኤ እስኪያልፍ ብትቈይ፥ ለምርመራው ኹሉ የሚበቃውን ዘመን በዝምታ አሳለፈችው ማለት ነው። ብዙዎች ግን አንድ ጾም ብቻ ሳይኾን ዓመትና ሁለት ዓመት ያሳልፋሉ።

ይህ ደዌ ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም፤ በመብልና በመጠጥ፥ በልብስና በመኝታ አይጋባም። በቡዳ ዓይን ወይም በመተት የሚመጣም አይደለም። የእግዚአብሔር ቍጣ ምልክት ነው የሚሉም፥ ጌታ ዕውር ኾኖ ስለ ተወለደው ሰው ሲጠየቅ የሰጠውን መልስ በዮሐንስ ወንጌል በ9ኛው ምዕራፍ ያንብቡ፤ በዚያ ሰውየውም ወላጆቹም በኃጢአት አልተከሰሱም።

ስለ ጸበልና ስለ ሕክምና

ከኹሉ የሚበልጠው ጥያቄ ይህ ነው። ብዙ ሕሙማን ጸበል ሲጀምሩ መድኃኒታቸውን ይተዋሉ፤ ይህንም እምነት ይሉታል። እኛ በጸበል ኃይል እናምናለን፤ በጸበል የዳኑትንም እናውቃለን። ነገር ግን መድኃኒት መጣል የእምነት ምልክት ተብሎ በየትኛው መጽሐፍ ተጽፏል? ንጉሥ ሕዝቅያስ ለሞት በታመመ ጊዜ እግዚአብሔር ራሱ እንደሚፈውሰው በነቢዩ በኢሳይያስ ቃል ገባለት፤ ዳግመኛም ነቢዩ የበለስ ጥፍጥፍ በቍስሉ ላይ እንዲያደርጉለት አዘዘ፤ ዳነም። የተስፋው ቃል መድኃኒቱን አላስቀረውም፤ መድኃኒቱም የተስፋውን ቃል አላሳነሰውም። ሲራክም በ38ኛው ምዕራፉ ሐኪምን እንድናከብርና መድኃኒትን እንዳንንቅ፥ ከዚያም ጋር እንድንጸልይና ከኃጢአት እንድንነጻ በአንድነት ያስተምራል።

በዘመናችንም የተደረገ ምስክር አለን። የኤች አይ ቪ ሕሙማን ለጸበል ሲሉ መድኃኒታቸውን በሚተዉበት ጊዜ፥ ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ ፓትርያርክ ጸበልና መድኃኒት እንደማይቃረኑ፥ ሕሙማንም ሁለቱን አብረው እንዲወስዱ እ.ኤ.አ. በ2007 በይፋ አስተምረዋል። ስለ ኤች አይ ቪ የተነገረው ለካንሰርም ይኾናል።

ስለዚህ ጸበል የሚያጠምቅ ካህን የሕክምና ቀጠሮ ያላትን ሴት ሱባኤ እስክትፈጽም ብሎ ሊያስቀራት አይገባውም። ኬሞቴራፒ የምትወስድ ሴት ሰውነቷ ለተላላፊ ሕመም ስለሚጋለጥ፥ በሕዝብ መካከል ተጨናንቃ በብርድ ከምትቆም ይልቅ ካህኑ ወደ ቤቷ ሄዶ ቢጸልይላት፥ የምትጠጣውንና የምትረጨውንም ከሐኪሟ ጋር ተማክራ ብታደርገው መልካም ነው። የጾም ነገርም እንዲሁ ነው። ሥርዓታችን ለሕሙማን ጾምን ያቀልላልና የንስሐ አባቷ አስቀድሞ ይንገራት፤ ይህን ሳትሰማ ከመድኃኒቱ ጋር የሚያስፈልጋትን ምግብ በፍርሃት የምትተው ብዙ ናት። ምስጢረ ቀንዲልም ለሚሞት ብቻ ሳይኾን ለሚታመም የተሠራ ምስጢር ነውና ገና በመዠመሪያው ይፈጸምላት።

የካህናት ድርሻ

የንስሐ አባት ሌላው ሰው የማይሰማውን ይሰማል። ሴቲቱ ሕመሟን በግልጥ አትናገር ይኾናል፤ «ደረቴን ያመኛል»፥ «ብብቴ አብጧል» ብላ በዳርዳር ትናገራለች። ካህኑ ይህን በሰማ ጊዜ ነገሩን አይለፈው። ከጸሎቱና ከምክሩ ጋር «ልጄ ሆይ፥ ለሐኪም አሳይተሻልን? ማንስ ይዞሽ ይሄዳል?» ብሎ ይጠይቅ። በየቀበሌው ጤና ኬላ የሚያገለግሉት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች አብዛኞቹ ሴቶች ስለ ኾኑ፥ በወንድ ፊት የምታፍረውን ወደ እነርሱ ይምራት። በሚመጣውም ሳምንት ሄዳ እንደ ኾነ መልሶ ይጠይቃት። የምስጢሯንም ነገር እንደ ኑዛዜ ይጠብቅላት።

በስብከቱም ጊዜ ካህኑ ስለዚህ ደዌ በዓመት አንድ ጊዜ እንኳ በዐውደ ምሕረት ቢናገር፥ በቤቷ ተሸሽጋ የምትጨነቅ አንዲት እናት ቃሉን ትሰማለች። ሌሎች የጤና ሠራተኞች በብዙ ድካም የማይደርሱበትን ቤት የካህን ቃል ይደርስበታል።

የባል፥ የቤተ ሰብና የማኅበር ድርሻ

ባሏ ጡቷ በቀዶ ሕክምና ስለ ተወገደ ሚስቱን የሚንቅ ወይም የሚተው እንደ ኾነ፥ ኪዳኑን ከምን ጋር እንዳሰረው ራሱን ይጠይቅ። ጋብቻ በተክሊልና በሥጋ ወደሙ የጸና እንጂ በአንድ የአካል ክፍል የታሰረ አይደለም። በኬሞቴራፒ ጠጕሯ ቢረግፍም ብዙውን ጊዜ ሕክምናው ሲያበቃ ይበቅላል፤ በዚያን ጊዜ የተነገረ የንቀት ቃል ግን ከልቧ አይወጣም።

ከገጠር ለሚመጡት መንገዱ ራሱ ሌላ ሕመም ነው። ለብዙ ዘመን በአገራችን የጨረር ሕክምና ይሰጥ የነበረው በአዲስ አበባ በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ብቻ ነበር፤ ከቅርብ ዓመታት ወዲህ በጅማና በሐረርም ተጀምሯል። እ.ኤ.አ. በ2004 የተመሠረተው ማቴዎስ ወንዱ የኢትዮጵያ ካንሰር ሶሳይቲ ከሩቅ ለሚመጡ ሕሙማን ማረፊያ በመስጠት መልካም ሥራ ይሠራል። ነገር ግን ማረፊያውም ገንዘቡም ለኹሉ አይበቃም፤ ለሕክምና መጥተው በሆስፒታል ደጅ የሚያድሩ አሉ።

በዚህ ረገድ ሰንበቴውና የጽዋው ማኅበር፥ ዕድሩም ሥራ አላቸው። ዕድራችን ሰው ሲሞት ድንኳን ይተክላል፥ ንፍሮ ይቀቅላል፥ ሐዘንተኛ ያጽናናል፤ ይህ የተመሰገነ ነው። ነገር ግን ለድንኳኑ ከሚወጣው ገንዘብ ጥቂቱ አስቀድሞ ለመንገዷና ለመድኃኒቷ ቢሰጥ፥ ምናልባት ድንኳኑ ባልተተከለም ነበር። ከከተማ ያሉ ምእመናንም ለአንዲት ታካሚ አንድ መኝታ፥ ለአስታማሚዋ አንድ እንጀራ ቢሰጡ፥ ጌታ በመጨረሻው ቀን ታምሜ ጠየቃችሁኝ ከሚላቸው ጋር ይቈጠራሉ። በቤት የቀሩትን ልጆች የሚጠብቅ፥ ቀጠሮዋን የሚያስታውስ፥ በሆስፒታል ተራ ሲይዝ የሚውል ሰውም ታላቅ ምጽዋት መጽውቷል።

ደዌው የጸናባትና ሐኪሞች አናድናትም ያሏት ሴትም ብትኖር አትተው። የሚያሠቃይ ሕመሟን በመድኃኒት ማስታገሥ የተገባ ነው፤ ኀጢአትም የለበትም። ንስሐዋን ፈጽማ ሥጋ ወደሙ ተቀብላ፥ ልጆቿን ለማን እንደምትተው ዐውቃ በሰላም እንድትኖርና በሰላም እንድታርፍ ማድረግ የኹላችን ሥራ ነው።

ለእኅቶቻችን

በመጨረሻ ቃላችንን ወደ እናንተ ወደ እናቶቻችንና ወደ እኅቶቻችን እንመልሳለን። 12 ዓመት ደም ይፈስሳት የነበረችው ሴት ሕመሟን ሰውራ በሕዝብ መካከል ከኋላ መጥታ የጌታን የልብሱን ጫፍ ዳሰሰች፤ ዳነችም። ጌታ ግን ተሰውራ እንድትመለስ አልተዋትም፤ ማን ዳሰሰኝ ብሎ ጠየቀ። እርሷም እየፈራች እየተንቀጠቀጠች መጥታ እውነቱን ኹሉ ነገረችው። ያን ጊዜ አላሳፈራትም፤ ልጄ ብሎ ጠራት፥ በሰላምም አሰናበታት። እናንተም ሕመማችሁን ለምታምኑት ሰው ንገሩ፤ ነገ ሳትሉ ዛሬ ንገሩ። ከዚያም ተነሥታችሁ ወደ ሐኪም ሂዱ፤ የቤተ ክርስቲያን ጸሎት አብሯችሁ ይሄዳል።

የሥጋና የነፍስ ባለመድኃኒት አምላካችን እግዚአብሔር የታመሙትን ይፈውስልን፤ የሚያክሙትን እጆች ይባርክልን፤ የእመቤታችን የቅድስት ድንግል ማርያም አማላጅነት፥ የቅድስት ማክሪናም ጸሎት አይለየን። አሜን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።