ለክፉ ቀን ቤትን ስለ ማሰናዳት

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

በዚህ እትም ልጽፍላችሁ የመረጥሁት ነገር ከመዝሙርና ከትርጓሜ ራቅ ያለ፣ ወደ ጓዳ ቀረብ ያለ ነው። ይኸውም ኑሮ በማይታመንበት ዘመን አንድ ቤተሰብ ቤቱን እንዴት አድርጎ ይይዛል የሚለው ነው። ርእሱን የሰጠችኝ እናቴ ናት ማለት ይቻላል። በሰኔ መጨረሻ ለዕረፍት ከዩኒቨርሲቲ ስመለስ፣ ጎታውን ከፍታ እያየች «ይኼ እስከ መስቀል ያደርሰናል?» ብላ ጠየቀችኝ። የኢኮኖሚክስ ተማሪ ነኝና መልስ ይኖረዋል ብላ ነው። በጊዜው ግን አልነበረኝም።

«ስለ ነገ አትጨነቁ ተብሎ የለምን?» የሚል ወንድም እንደሚኖር ዐውቃለሁ፤ ባለፈው ዓመትም ይኸው ጥያቄ ተነሥቶ ብዙ ተከራክረናል። ነገር ግን ያው መጽሐፍ ስለ ዮሴፍም ይነግረናል። በኦሪት ዘፍጥረት ምዕራፍ 41 እንደምናነበው፣ ዮሴፍ በሰባቱ የጥጋብ ዓመታት ከምርቱ አምስተኛውን እጅ በየከተማው አከማቸ። ብዙዎቻችን ታሪኩን እዚያ ላይ እናቆመዋለን። ምዕራፍ 47ን ግን አንብቡ። ረኃቡ ሲጸና ሕዝቡ መጀመሪያ ብሩን ጨረሰ፤ ቀጥሎ ከብቱን ሰጠ፤ በመጨረሻ መሬቱንና ራሱን ሸጠ። የአገራችን ሽማግሌዎች ይህን ቅደም ተከተል ከመጽሐፍ ሳይሆን ከኑሮ ያውቁታል።

ወሎ ስለ ክፉ ቀን ከሌላ አገር መማር አያስፈልገውም። ከ1880 ዓ.ም. ጀምሮ በነበሩት ዓመታት የከብት በሽታ ገብቶ የእርሻ በሬ ስላለቀ መሬቱ ጦሙን አደረ፤ «ክፉ ቀን» የሚለው ስምም ለዚያ ዘመን ተሰጠ። ከዚያም የ1965ና የ1966ቱ መጣ። ከዚያም የ1977ቱ፣ የዓለም ሕዝብ በጥቅምት ወር በቴሌቪዥን ኮረምን ያየበት። ኮረም ያን ጊዜ በወሎ ክፍለ ሀገር ሥር ነበረች።

ከእነዚህ ሁሉ የ1965ና የ66ቱ ላይ ጥቂት ልቆይ። አማርትያ ሴን የተባለው ሕንዳዊ የኢኮኖሚክስ ሊቅ ስለ ድህነትና ስለ ረኃብ በጻፈው፣ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1981 በታተመው መጽሐፉ የወሎን ረኃብ መርምሯል። እኔ ይህን በክፍል ስማር ደነገጥሁ። በደሴ ገበያ የእህል ዋጋ እኛ እንደምንገምተው ሰማይ አልወጣም፤ እንዲያውም ሰው በሚራብበት ጊዜ ከወሎ ወደ ሌላ አገር የተጫነ እህል ነበር። ታዲያ ሰው ለምን ተራበ? የገዛ አዝመራው ስለ ጠፋ የሚበላውም የሚሸጠውም አልነበረውም። የቀረው ከብቱ ነበር። ሁሉም ከብቱን በአንድ ጊዜ ወደ ገበያ ሲነዳ የከብት ዋጋ ወደቀ። ስለዚህ እህሉ በዐይን እየታየ መግዣው ታጣ ማለት ነው።

ይህን ለአያቴ ስነግራት ሳቀችብኝ። «ለዚህ ነው ዩኒቨርሲቲ የላክንህ?» አለችኝ። እሷ በ1977 ሀብሩ ውስጥ ባለትዳር ነበረች። የ1976ቱ በልግ ቀረ፤ ክረምቱም ቀረ። በቤታቸው ሁለት በሬና አንዲት ላም ነበሯቸው። በመስከረም «አንዱን በሬ አሁን እንሽጠው» ብላ ባሏን ለመነች፤ እርሱ ግን «በምን ላርስ ነው?» አላት። ሞኝ አልነበረም፤ በሬ የሌለው ገበሬ ዝናብ ቢመለስም ከሰው እጅ ጠባቂ ነው። በታኅሣሥ ሲሸጡት ግን፣ እንደ አያቴ አነጋገር፣ በመስከረም ሁለት ኩንታል ማሽላ ያወጣ የነበረው በሬ ግማሽ ኩንታል አላወጣም። ከዚያ ወዲህ አያቴ አንድ ልማድ አላት፤ የሐምሌ ዝናብ ከዘገየ ማንንም ሳትጠይቅ አንድ ፍየል ትሸጣለች። ዝናቡ ቢመጣ ጥቂት ከሰረች፤ ባይመጣ ግን ሰው ሁሉ ከመሸጡ በፊት ሸጣለች።

እንግዲህ ወደ እናቴ ጥያቄ ልመለስ። የዕርዳታ እህል ሲታደል ለአንድ ሰው በወር 15 ኪሎ እንደሚሰፈር ብዙዎቻችሁ ታውቃላችሁ። እኛ አምስት ነን፤ ስለዚህ በወር 75 ኪሎ፣ አንድ ኩንታል ማለት ለ40 ቀን ነው። በጎታው ሁለት ኩንታል ያህል ማሽላና ጤፍ ነበረ፤ 80 ቀን ይሆናል። ከሰኔ 20 ቢቆጠር፣ ጳጉሜንም ጨምሮ፣ መስከረም 5 ላይ ያልቃል። መስቀል ደግሞ መስከረም 17 ነው። ማሽላው የሚደርሰው በኅዳር ነው። ሒሳቡን በወረቀት ሠርቼ ሳሳያት እናቴ ብዙ ካየችው በኋላ «እንግዳውን አልቆጠርኸውም» አለችኝ። እውነት ነው፤ አልቆጠርሁትም ነበር። የዘሩንም አልለየሁም፤ እሷ ግን ዘሩን ቀድሞ በሌላ ከረጢት አስራ ሰቅላዋለች። ከዚያ በኋላ ፍየል ተሸጦ በቆሎ የተገዛው በሐምሌ መጀመሪያ ነው፤ በነሐሴ ቢሆን ኖሮ ውድ ይሆን ነበር።

እህል መኖሩ ብቻም አይበቃም፤ መቀመጥ አለበት። ጤፍ ከመድቀቁ የተነሣ ነቀዝ አያገኘውም፤ ከእርጥበት ከተጠበቀ ለዓመታት ይቀመጣል። ማሽላና በቆሎ ግን በጥቂት ወራት ዱቄት ይሆናሉ። አባቶቻችን ማሽላን በጉድጓድ ይቀብሩት ነበር፤ ጠረኑ ይለወጣል፤ ጥቂቱም ይሻግታል፤ ነገር ግን ከእሳትና ከዘራፊ ይድናል። በአሁኑ ጊዜ በገበያ የሚገኝ ባለ ሦስት ድርብ ከረጢት አለ፤ ውስጡ ሁለት ፕላስቲክ፣ ውጪው ማዳበሪያ ነው። እህሉ በደንብ ከደረቀና አፉ ጠብቆ ከታሰረ ነቀዙ አየር አጥቶ ይሞታል፤ መድኃኒት አያስፈልገውም። በዚህ ላይ አጥብቄ የምለምናችሁ ነገር አለ። የነቀዝ ክኒን የተጨመረበት እህል ሰው በሚተኛበት ክፍል ከቶ አይቀመጥ። ከክኒኑ የሚወጣው ጋዝ ነቀዙን ብቻ ሳይሆን የተኛውንም ሕፃን ይገድላል። በየቤታችሁ ሄዳችሁ ዛሬውኑ እዩ።

ስለ ገንዘብ ደግሞ። ከነሐሴ 2013 እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ወልድያ በጦርነት ተይዛ በነበረችበት ጊዜ የሆነውን አብረን አይተናል። ባንክ ተዘጋ፤ መብራትና ስልክ ጠፋ፤ ወፍጮ ቤት ቆመ። እኔ ያን ጊዜ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ነበርሁ። አባቴ በባንክ ያስቀመጠው ገንዘብ ነበረው፤ የባንክ ደብተሩን በየማታው እያወጣ ያየው ነበር። ያን ጊዜ በቤታችን ዋጋ የነበረው ሌላ ነው፤ የአያቴ የድንጋይ ወፍጮ፣ አንድ ጆንያ ጨው፣ በሶ፣ ድርቆሽ፣ ክብሪትና ሳሙና። ወፍጮው ለበረንዳ ጌጥ ቀርቶ የነበረ ነው፤ እኅቴ መፍጨት የተማረችው በዚያ ወር ነው፤ እኔም ተምሬአለሁ፤ ብትስቁም ሳቁ። ጎረቤታችን የሆኑት ሙስሊም እናት ለመፍጨት ሲመጡ ቡና ይዘው ይመጡ ነበር፤ የእኛ ቡና አልቆ ነበርና። በዚያው ሰሞን ጨው ደብቆ አምስት እጥፍ የሸጠ ሰውም ነበር፤ ስሙን አልጠራም። ስለዚያ ሰው ሳስብ በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 12 ጎተራዬን አፍርሼ ትልቅ እሠራለሁ ያለው ባለጠጋ ትዝ ይለኛል። እናቴም ጨው ነበራት፤ እርሱም ጨው ነበረው።

«ታዲያ ገንዘብን ሁሉ በቤት መያዝ ይሻላል» የሚል ቢኖር የአያቴን ማሰሮ ልንገረው። በመስከረም 2013 የብር ኖት ሲለወጥ የ10፣ የ50ና የ100 ብር ኖቶች በሦስት ወር ውስጥ በአዲስ ይቀየሩ ተባለ። በ1969 ዓ.ም. ደርግ የንጉሡን ምስል የያዙትን ኖቶች በለወጠ ጊዜም ተመሳሳይ ነገር ሆኖ ነበር። አያቴ ከሁላችን ደብቃ በማሰሮ 3400 ብር ቀብራ ኖሮ፣ ያወጣችው ጊዜው ካለፈ በኋላ ነው። ለቀብሯ ያስቀመጠችው ነበር። ገንዘቡ ዛሬም አለ፤ እኛ ቤት ስትመጡ ታሳያችኋለች።

ባንክም ቢሆን እንዳለ አይጠብቀውም። በ2014 ዓ.ም. የቁጠባ ወለድ 7 በመቶ በነበረበት ጊዜ የዋጋ ንረቱ ከ30 በመቶ በላይ ነበር፤ አንድ መቶ ብር ያስቀመጠ ሰው በዓመቱ መቶ ሰባት ቆጥሮ ቢቀበልም የሚገዛው ዕቃ ከአምናው ያንሳል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን በተፈቀደ ጊዜም፣ በ57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ከ100 ብር አለፈ። የምመክረው እንግዲህ ይህ ነው። ለአንድ ወር የሚሆን ጥሬ ገንዘብ በቤት ይሁን፤ ቤተሰቡም ያለበትን ይወቅ። ለድንገተኛ ሕመምና ለትምህርት የሚሆነው በባንክ ይቀመጥ። የቀረው ወደምንጠቀምበት ነገር ይለወጥ፤ ወደ እህል፣ ወደ ዘር፣ ወደ ዶሮና ፍየል፣ መስኖ ላለው የመርሳ ሰው ወደ ማንጎና ፓፓያ ችግኝ። የማንጠቀምበትን ዕቃ ይወደዳል ብሎ መግዛት ግን ንግድ ነው፤ ለንግድ ደግሞ ሌላ ዕውቀት ያስፈልጋል።

ሀብሩ ውስጥ ያላችሁ፣ ስሪንቃ የግብርና ምርምር ማዕከል በደጃችሁ ነው። ቶሎ የሚደርሱ የማሽላ ዘሮች ከዚያ ወጥተዋል፤ ግራና አንድ የሚባለው ስሙም የአገራችሁ ነው። በልግ ሲቀር በሚያዝያ የሚዘራውን የዱሮውን ማሽላ ብቻ መጠበቅ አደጋ አለው። አባቶቻችን ለዱሮው ዘር ያላቸውን ፍቅር ዐውቃለሁ፤ አገዳው ረጅም ነው፤ ለከብትም ለቤት ክዳንም ይሆናል። ስለዚህ ሙሉ ማሳውን ለውጡ አልልም፤ አንድ ጥማድ ሞክሩ።

አንድ ነገር ልጨምር፤ መጻፉ ይከብደኛል። ከመርሳና ከአካባቢዋ ስንት እኅቶቻችን ወደ ዐረብ አገር እንደ ሄዱ ታውቃላችሁ፤ ከዚህ ሰንበት ትምህርት ቤትም የሄዱ አሉ። ብዙ ቤት የቆመው በእነርሱ ላብ ነው። ነገር ግን ለደላላ ሲባል በሬ ተሽጦ፣ በወለድም ተበድሮ አንዲት ልጅ የምትላክ ከሆነ፣ የቤቱ ክፉ ቀን ሁሉ በአንዲት የአሥራ ስምንት ዓመት ልጅ ጫንቃ ላይ ተጫነ ማለት ነው። ቤቱ ከመበደሩ በፊት ልጅቱ ራሷ ትጠየቅ፤ «እምቢ» ብትልም ትሰማ።

ስለ ቅሬም እናስብ። የወሎ ቅሬ እስላምና ክርስቲያን ሳይል ሰው ይቀብራል፤ ድንኳንና ገንዘብ፣ የታመነ ዳኛም አለው። ከቀብር አልፎ እህል በመከር ጊዜ በርካሽ ገዝቶ በነሐሴ በገዛበት ዋጋ ለአባላቱ ቢሸጥ የሚከለክለው ምን ነው? እኔ ይህን ለሰፈራችን የቅሬ ዳኛ ባነሣ «ነቀዙን ማን ይጠብቃል?» አሉኝ። ከላይ ያልሁትን ከረጢት ነገርኋቸው፤ «አምጣና አሳየኝ» አሉ። ሁለት ገዝቼ ወስጃለሁ፤ አንዱ በማሽላ ተሞልቶ ታስሯል፤ በጥር ይከፈታል።

እስከዚያው ለሚመጣው እሑድ እያንዳንዳችሁ ሁለት ነገር ጠይቃችሁ ኑ። እናቶቻችሁን በቤት ያለው እህል ለስንት ቀን እንደሚበቃ፤ በ1977 የነበሩትን ሽማግሌዎች ደግሞ መጀመሪያ ምን እንደ ሸጡ፣ በየትኛው ወር፣ በስንት። የሰማችሁትን ከነስሕተቱ ጻፉት፤ ሰብስቤ በሚቀጥለው እትም አወጣዋለሁ።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።