ሶላር ፓኔል፦ አገር ውስጥ ይሠራ ወይስ ከውጭ ይግባ?

ነገ ተመርቀን በየገጠሩ ስንመደብ የመብራት መስመር ያልደረሰበት ትምህርት ቤት ማግኘታችን አይቀርም። እዚያ ጣሪያ ላይ የምናየው ሶላር ነው። ከተማሪዎቻችን አንዱ ተነሥቶ «መምህር፣ ይኼ ነገር እኛ አገር ለምን አይሠራም?» ማለቱም አይቀርም። «አይቻልም» ብሎ መመለስ ቀላል ነው። «ነገ ሁሉን እንሠራለን» ብሎ መፎከርም እንደዚያው። ሁለቱም ግን ልጁን አያስተምሩትም። ስለዚህ ጉዳዩን በየደረጃው ከፋፍለን እንመልከተው።

ሀ/ ፓኔል እንዴት ይሠራል?

ለሥራ የበቃ የሲሊከን ሶላር ሴል መጀመሪያ ለሕዝብ የታየው እ.ኤ.አ. በ1954 በአሜሪካ፣ በቤል ላቦራቶሪ ነው። ያን ጊዜ ካረፈበት የፀሐይ ኃይል ወደ ኤሌክትሪክ የሚለውጠው ከመቶ 6 ያህሉን ነበር። ዛሬ ገበያ ላይ ያለው ከመቶ 20 በላይ ይለውጣል። አሠራሩ አምስት ደረጃ አለው፦

1ኛ/ ኳርትዝ የተባለው ድንጋይ ከከሰል ጋር በኤሌክትሪክ ምድጃ ቀልጦ ሲሊከን ይወጣዋል።

2ኛ/ ሲሊከኑ በኬሚካል ተጣርቶ እጅግ ንጹሕ ይሆናል። ይህ ደረጃ ብዙ ኤሌክትሪክ ይበላል።

3ኛ/ ንጹሑ ሲሊከን ከ1400 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ በሆነ ሙቀት ቀልጦ እንደ ግንድ ይጠጥራል። ከዚያም ከሚሊሜትር ሩብ በታች በሆነ ውፍረት ይሰነጠቃል። ይህ ስስ ቅጠል ዌፈር ይባላል።

4ኛ/ በዌፈሩ ውስጥ እንደ ፎስፎረስና ቦሮን ያሉ ንጥረ ነገሮች በጥቂቱ ይገባሉ፤ በላዩም የብር መስመር ይታተምበታል። አሁን ሴል ሆነ።

5ኛ/ ሴሎቹ በሽቦ ተያይዘው፣ በመስተዋትና በፕላስቲክ ታሽገው፣ የአሉሚኒየም ክፈፍ ይገባላቸዋል። ይኼ መገጣጠም ነው፤ ውጤቱም ፓኔል ይባላል።

እንግዲህ አንድ ሰው «ፓኔሉ አገር ውስጥ የተሠራ ነው» ሲለን «ስንተኛው ደረጃ?» ብለን መጠየቅ አለብን።

ለ/ ሌሎች አገሮች ምን ገጠማቸው?

ጀርመን እ.ኤ.አ. በ2000 ባወጣችው ሕግ ከፀሐይ ለሚመነጭ ኤሌክትሪክ ጥሩ ዋጋ ስለወሰነች የፓኔል ገዢ በዛ። ቻይና ደግሞ ፋብሪካውን በገፍ ተከለች። መንግሥት ብድርና መሬት አመቻቸ፤ ጥሬ ዕቃ አቅራቢው፣ መሣሪያ ሠሪውና ገጣጣሚው ተጎራብተው ቆሙ፤ ዋጋውም ወረደ። ዛሬ ከ2ኛው እስከ 5ኛው ባለው በእያንዳንዱ ደረጃ ከዓለም የማምረት አቅም ከመቶ 80 በላይ በቻይና እጅ ነው።

የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2013 በቻይና ፓኔል ላይ ተጨማሪ ቀረጥ ጣለ። ይሁንና የጀርመኑ ትልቅ አምራች ሶላርወርልድ በ2017 ከሠረ፤ ቀረጡም በ2018 ተነሣ።

አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2012 ከቻይና በሚገቡ ሴሎች ላይ ቀረጥ ጣለች። ነጋዴዎቹም ሴሉን ከታይዋን መግዛት ጀመሩ። ታይዋንም ቀረጥ ሲደርስባት ሥራው ወደ ማሌዥያ፣ ቬትናም፣ ታይላንድና ካምቦዲያ ሄደ። በ2025 እነሱም ከፍተኛ ቀረጥ ተጣለባቸው።

ሕንድ በበኩሏ እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2022 በፓኔል ላይ 40፣ በሴል ላይ 25 ከመቶ ቀረጥ ጣለች። የመገጣጠሚያ ፋብሪካ በእርግጥ በዛ፤ ዌፈሩ ግን ከቻይና መምጣቱን አላቆመም።

ከዚህ የምንረዳው ምንድን ነው? ቀረጥ ብቻውን ፋብሪካን ከአገር ወደ አገር ሊያዞር፣ የመጨረሻውን ደረጃም ሊያመጣ ይችላል። ዕውቀቱን ግን ጠርቶ አያመጣም። እሱ ትምህርትና ጊዜ ይፈልጋል።

ሐ/ እኛስ?

ይኸው የቀረጥ ነገር ዞሮ ዞሮ እኛም ዘንድ ደርሷል። ቶዮ የተባለ ኩባንያ በሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ የሴል ፋብሪካ ተክሎ እ.ኤ.አ. በ2025 ማምረት ጀምሯል። የሚሠራው 4ኛውን ደረጃ ነው፤ ዋናው ገበያውም አሜሪካ ነው። ታዲያ ይኼ የአገር ውስጥ ምርት ነው? ማሽኑ ላይ የሚቆመው የኛው ልጅ ስለሆነ ትልቅ ነገር ነው። ዌፈሩ ግን ከውጭ ይመጣል፤ ሴሉም ወደ ውጭ ይሄዳል።

አንዳንዶቻችን «እንግዲያው የውጭ ፓኔል ይከልከል» እንላለን። ግን ማን ይከፍላል? የሚከፍለው ኩራዙን ሊጥል ብር የሚያጠራቅመው ገበሬ ነው። ሌሎቻችን ደግሞ «ርካሹ ይግባልን፣ ምን አስጨነቀን» እንላለን። እሺ፣ ባትሪው ሲደክም ማን ይጠግነዋል? ጠጋኝ ከሌለ ሶላሩ ጣሪያ ላይ ተሰቅሎ ይቀራል፤ ለሱ የወጣው የውጭ ምንዛሪም አብሮ ባከነ ማለት ነው።

የኛ አስተያየት ከቅርቡ እንጀምር የሚል ነው። ፓኔል ከውጭ ይገባል፤ ተከላውና ጥገናው ግን ከውጭ አይገባም። በአሜሪካ እንኳ ከፓኔል ፋብሪካ ሠራተኛ ይልቅ ተካዩ ይበዛል። መጀመሪያ ተካይና ጠጋኝ፣ ጥራት መርማሪም እናፍራ። ቀጥሎ መቆሚያው ብረት፣ ሽቦው፣ ባትሪው፣ መገጣጠሙም ይምጣ። በሐዋሳ ሴል መሥራት የሚለምዱት ወጣቶች ደግሞ ለከባዱ ደረጃ መነሻ ይሆናሉ። እስከዚያው ገበሬው በጨለማ አይጠብቅ።

በዚህ ውስጥ የመምህር ድርሻ አለ። ስለ ኤሌክትሪክ ስናስተምር ቮልት መለካትን፣ ከፓኔል ላይ አቧራ መጥረግን፣ በአገራችን ፓኔል ለምን ወደ ደቡብ ዘንበል እንደሚል ጣሪያው ሥር ቆመን እናሳይ። ያ የጠየቀን ልጅ ነገ ጠጋኝ፣ ከነገ ወዲያ ሠሪ ሊሆን ይችላል።

የመወያያ ጥያቄዎች

1/ ከአምስቱ ደረጃዎች በአካባቢያችሁ ባለ ሙያና ዕቃ ሊሞከር የሚችለው የትኛው ነው? ለምን?

2/ በፓኔል ላይ ቀረጥ ቢጨመር ማን ይጠቀማል? ማን ይጎዳል?

መልሳችሁን ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል ስጡ። የተሻለው በሚቀጥለው ዕትም ይለጠፋል።