በእርሻ ላይ የሚደረግ መድኃኒት ወደ ጕድጓድ ውሃ መውረዱን አስቀድሞ በሒሳብ ስለ ማወቅ

ተባይንና አረምን ለማጥፋት በእርሻ ላይ የሚደረገው መድኃኒት ሁሉ በተረጨበት ስፍራ አይቀርም። ከፊሉ በአፈር ውስጥ ባሉ ረቂቃን ተሕዋስያን ኃይል ይፈርሳል፤ ከፊሉ ከአፈሩ ጋር ይጣበቃል፤ ከፊሉ ግን ከዝናም ጋር እየሰረገ ሕዝብ ከሚጠጣው የጕድጓድ ውሃ ይደርሳል። የከርሰ ምድር ውሃ አንድ ጊዜ ከተበላሸ ማጥራቱ እጅግ የሚያስቸግር ስለ ሆነ፥ አስቀድሞ መመርመር ይገባል።

ለዚህም ነገር በአሜሪካ፥ በኒውዮርክ ግዛት፥ ሎንግ አይላንድ በምትባለው ደሴት የሆነው ምስክር ነው። የድንች ገበሬዎች በፈረንጅ አቆጣጠር ከ1975 ዓመት ጀምሮ አልዲካርብ የሚባለውን መድኃኒት በእርሻቸው አፈር ውስጥ ይጨምሩ ነበር። መሬቱ አሸዋማ፥ የከርሰ ምድሩም ውሃ ቅርብ ነበረና በ1979 መድኃኒቱ በጕድጓዶች ተገኘ። ከተመረመሩት 8404 ጕድጓዶች በ1121ዱ ውስጥ የነበረው መጠን ከተወሰነው ልክ፥ ማለት በ1 ሊትር ውሃ ከ7 ማይክሮግራም በላይ ሆነ።

በ1989 ጉስታፍሰን የተባለ ሊቅ አጭር የሒሳብ መንገድ አወጣ። የሚያስፈልጉትም ሁለት ቍጥሮች ናቸው። አንደኛው፥ መድኃኒቱ በአፈር ውስጥ እኩሌታው እስኪጠፋ የሚፈጅበት ቀን ነው፤ ሁለተኛው፥ ከአፈሩ ብስባሽ ጋር የሚጣበቅበት ልክ ነው። የሁለቱም ሎጋሪትም ይወሰዳል፤ ይኸውም ለ100 ሲሆን 2፥ ለ1000 ሲሆን 3 ማለት ነው። የመጣበቁ ሎጋሪትም ከ4 ተቀንሶ የቀረው በቀኑ ሎጋሪትም ይባዛል። ውጤቱ ከ2.8 የበለጠ እንደ ሆነ መድኃኒቱ ወደ ታች የሚወርድ ነው፤ ከ1.8 ያነሰ እንደ ሆነ የማይወርድ ነው፤ በመካከል ያለው አጠራጣሪ ነው።

ምሳሌ፤ አትራዚን ለሚባለው የአረም መድኃኒት ቀኑ 60፥ መጣበቁ 100 ተብሎ ቢወሰድ፥ የ60 ሎጋሪትም 1.78 ነው፤ ከ4 ላይ 2 ሲቀነስ 2 ይቀራል፤ ሁለቱ ሲባዙ 3.56 ይሆናል። ስለዚህ የሚወርድ ነው። ዲዲቲ ግን ከአፈር ጋር አጥብቆ ስለሚያያዝ ውጤቱ ከዜሮ በታች ነው። ነገር ግን አይወርድም ማለት አይጐዳም ማለት አይደለም፤ ጐርፍ ከሚያጥበው አፈር ጋር ወደ ወንዝ ገብቶ በዓሣ ስብ ውስጥ ይከማቻልና።

ይህ ሒሳብ መድኃኒቱን እንጂ መሬቱንና ዝናሙን አይመለከትም። ስለዚህ በኤውሮፓ ኅብረት ሹማምንት የ9 ስፍራዎችን አፈርና አየር ይዘው፥ በ1 ሜትር ጥልቀት የሚደርሰው መጠን በ1 ሊትር ከ0.1 ማይክሮግራም እንዳይበልጥ የ20 ዓመት ሒሳብ ያስደርጋሉ።

በኢትዮጵያ ደግሞ መረሬ መሬት በበጋ ይሰነጠቃል፤ የመጀመሪያው ዝናም መድኃኒቱን በስንጥቁ በኩል ፈጥኖ ወደ ታች ያወርደዋል። ውሃ በአፈሩ ሁሉ እኩል ይሰርጋል ብሎ የሚነሣ ሒሳብ ይህን አያይም። እንግዲህ የወረዳ ሹም መድኃኒት ከመታደሉ በፊት የአፈሩን ዓይነት፥ የጕድጓዱን ጥልቀትና የዝናሙን ወራት አስመርምሮ ቢያስጽፍ፥ ሒሳብ አዋቂው እውነተኛ መልስ ሊሰጠው ይችላል። የተሳሳተ ቍጥር ይዞ የተነሣ ሒሳብ ግን ሕዝቡን ከመጥፎ ውሃ አያድነውም።