ግስና ተውሳከ ግስ

ቁስቋም በጎንደር ናት፤ እቴጌ ምንትዋብ በ18ኛው መቶ ዓመት ቤተ ክርስቲያንና ቤተ መንግሥት አሠርተውባታል።

በዚያች ስፍራ የምትኖር አንዲት እናት ልጅዋ ታስሮባት ነበር እንበል። አንድ ቀን ደብዳቤ መጣላት፤ የጎረቤትም ልጅ ያነብላት ጀመር። «ልጅሽ በቶሎ ይፈታል» የሚለውን ቸኩሎ አላልቶ አነበበው። እናቲቱም «እርሱ ታስሮ ሳለ ማንን ይፈታል? ሚስቱን ነውን?» ብላ አለቀሰች።

መምህሩ ሰምተው «ልጄ፥ ፈንና ታን አጥብቀህ አንብብ» አሉት። አጥብቆ ቢያነበው ልጅዋ ከእስራት እንዲወጣ ታወቀ፤ እናቲቱም እልል አለች።

«ይፈታል» ግስ ነው፤ የሚደረገውን ይናገራል። «በቶሎ» ተውሳከ ግስ ነው፤ እንዴት እንደሚደረግ ይገልጻል።

በእንግሊዝኛም በአንድ ፊደል ተጽፎ ሁለት ንባብ ያለው ግስ አለ፤ ሪድ ቢሉት «አነብባለሁ»፥ ሬድ ቢሉት «አነበብሁ» ይሆናል። «ትላንት» የሚል ተውሳከ ግስ ከአጠገቡ ቢገኝ ግን ንባቡ ሬድ እንደ ሆነ ያስታውቃል።

ስለዚህ አንባቢ ቃሉን ከነባልንጀራው ይመልከት። የቸኮለ አንባቢ ሰውን ያስለቅሳል፤ ያስተዋለ ግን ያጽናናል።