ርካሽ ስልክ በሕንድ አገር፤ ዋጋው እንደ ምን እንደ ወረደና እንደ ምን መልሶ እንደ ወጣ

የገበሬ ድካም ፍሬ በማሳ ላይ ብቻ አይለካም፤ በገበያም ይለካል። ዕቃውን ጭኖ ረዥም መንገድ የሄደ ሰው የዕለቱን ዋጋ ሳያውቅ ከገበያ ቢደርስ፥ ነጋዴው የሰጠውን ከመቀበል በቀር ሌላ መንገድ የለውም፤ መልሶ እንዳይጭነው ድካሙና ኪራዩ ያስፈራዋልና። ስለዚህ ያለ ሽቦ የሚነጋገሩበት የእጅ ስልክ በርካሽ ዋጋ ወደ ገጠር መግባቱ የነጋዴ ጉዳይ ብቻ ሳይሆን የእርሻም ጉዳይ ነው። የሕንድ አገር ታሪክ ለዚህ መልካም ምሳሌ ስለ ሆነ፥ አገር የሚያስተዳድሩ ሹማምትና መሬት ያላቸው ሰዎች ያስተውሉት ዘንድ በየተራው ተጽፏል። የዓመቱ ቍጥር ሁሉ እንደ ኤውሮፓ አቈጣጠር ነው።

1ኛ፤ ስልኩ የባለጠጎች በነበረበት ጊዜ

በሕንድ አገር የመጀመሪያው የእጅ ስልክ ንግግር የተደረገው ጁላይ 31 ቀን 1995 ነው። የምዕራብ ቤንጋል ክፍለ አገር ዋና ሚኒስትር ጂዮቲ ባሱ ከካልካታ ሆነው በዴልሂ ከነበሩት ከመገናኛ ሚኒስትሩ ከሱክ ራም ጋር ተነጋገሩ። በዚያን ጊዜ የአንዱ ደቂቃ ዋጋ እስከ 16 ሩፒ ያህል ይደርስ ነበር። ደግሞም የደወለው ብቻ ሳይሆን የተደወለለትም ሰው ይከፍል ነበር። እንዲህም ስለ ሆነ ስልክ ያለው ሰው ደወሉን ሲሰማ አስቀድሞ ኪሱን ያስብ ነበር።

ዋጋው የከበደበት አንዱ ምክንያት የፈቃዱ ክፍያ ነው። ኩባንያዎቹ በጨረታ ተወዳድረው በየዓመቱ ቍርጥ ያለ ብዙ ገንዘብ ለመንግሥት ለመክፈል ተስማምተው ነበር። ደንበኛው ጥቂት ስለ ነበረ ያ ሁሉ ዕዳ በጥቂቶች ጫንቃ ላይ ወደቀ። እርሻን ለሚያውቅ ሰው ይህ ነገር እንግዳ አይደለም፤ ዝናብ ቢዘንብም ቢጠፋም የማይለወጥ ግብር የተቈረጠበት ገበሬ በክፉ ዘመን በሬውን እንደሚሸጥ የታወቀ ነው።

2ኛ፤ ዋጋው የወረደበት ምክንያት

ዋጋውን ያወረደው አንድ ነገር ብቻ አይደለም፤ የመንግሥት ሥርዐትና የነጋዴዎች ፉክክር ተባብረው ነው። በ1997 የስልክን ሥራ የሚቈጣጠር ባለሥልጣን ተቋቋመ። በ1999 የወጣው አዲስ ደንብ ቍርጡን ክፍያ አስቀርቶ ኩባንያዎቹ ከገቢያቸው ድርሻ እንዲከፍሉ አደረገ፤ ብዙ ያገኘ ብዙ፥ ጥቂት ያገኘ ጥቂት ይከፍላል ማለት ነው። በ2003 ደግሞ የሚከፍለው የደወለው ሰው ብቻ ሆነ። ከዚያ ወዲያ ድኻ ሰው ስልክ ይዞ የሰው ጥሪ ቢጠብቅ ወጪ የለበትም።

በ2002 መጨረሻ ሪላያንስ የተባለው ኩባንያ አንዱን ደቂቃ በ40 ፓይሳ ሸጠ፤ 100 ፓይሳ 1 ሩፒ ነው። የኩባንያው መሥራች ዲሩባይ አምባኒ ስልክ መደወል ከፖስታ ካርድ ይልቅ እንዲረክስ ይመኝ ነበር ይባላል። በ2003 ያው ኩባንያ 501 ሩፒ ብቻ አስቀድሞ ለከፈለ ሰው የእጅ ስልኩን አስረከበ፤ የቀረውንም በየጊዜው ተቀበለ። በ2009 ታታ ዶኮሞ በሴኮንድ 1 ፓይሳ ማስከፈል ጀመረ። ከዚያ በፊት ሒሳቡ በሙሉ ደቂቃ ይቈረጥ ስለ ነበረ፥ 10 ሴኮንድ የተናገረ ሰው የ60 ሴኮንድ ይከፍል ነበር፤ ከጥቂት ጊዜ በኋላ ሌሎቹም ኩባንያዎች ወደዚሁ ሥርዐት ገቡ።

ለገጠሩ ሰው ግን ከሁሉ የበለጠው ነገር ሒሳቡን አስቀድሞ በጥቂት በጥቂቱ መክፈል መቻሉ ነው። የቀን ሠራተኛ በወሩ መጨረሻ የሚመጣ የዕዳ ወረቀት ይፈራል፤ በ10 ሩፒ ሒሳብ መሙላት ግን ጨውና ሻይ ከሚገዛበት ከሰፈሩ ሱቅ ይችል ነበር። ገንዘብ ያጠረውም ሰው ደውሎ ሳይነሣ ይዘጋው ነበር፤ ያም ዝም ያለ ጥሪ “ደርሻለሁ” ወይም “ደውልልኝ” የሚል መልእክት ሆኖ በአገሩ ሁሉ ተለመደ።

3ኛ፤ ለአምራቹ ያመጣው ጥቅምና የጥቅሙ ወሰን

በደቡብ ሕንድ ኬረላ በተባለው አገር ዓሣ አጥማጆች ሰርዲን የሚባለውን ዓሣ በየጠረፉ ባለው ገበያ ይሸጣሉ። ቀድሞ አንዱ ጠረፍ ዓሣ በዝቶበት ገዢ ሲታጣ፥ ጥቂት ኪሎ ሜትር ርቆ ባለው ጠረፍ ገዢው ዓሣ አጥቶ ባዶ እጁን ይመለስ ነበር። ዓሣ ደግሞ እንደ እህል በጐተራ አይቈይም፤ ስለዚህ ከተያዘው ከመቶ 5 እስከ 8 የሚሆነው ሳይሸጥ ይጣል ነበር። ከ1997 እስከ 2001 የእጅ ስልክ ወደ ጠረፉ በየተራ ገባ። አጥማጆቹም ገና በጀልባ ሳሉ ወደየገበያው እየደወሉ የሚሻለውን መምረጥ ጀመሩ። ሮበርት ጄንሰን የተባለ የኤኮኖሚ ሊቅ በ2007 ባሳተመው ጥናት እንደ ገለጸው፥ የሚጣለው ዓሣ ጠፋ፤ የአጥማጁ ትርፍ ከመቶ 8 ያህል ጨመረ፤ የበላተኛው ዋጋ ደግሞ ከመቶ 4 ያህል ቀነሰ። ሻጭና ገዢ አንድነት የተጠቀሙበት ምክንያት ከመካከላቸው ይጠፋ የነበረው ሀብት ስለ ተረፈ ነው።

ነገር ግን ስልክ በገባበት ስፍራ ሁሉ እንዲህ ያለ ፍሬ አልተገኘም። ማርሴል ፋፍሻምና ባርት ሚንተን የተባሉ ሊቃውንት በማሐራሽትራ በ100 መንደሮች የሚኖሩ ገበሬዎችን መርምረው ነበር። ለከፊሎቹ የገበያ ዋጋና የአየር ጠባይ ወሬ በስልክ ጽሕፈት ይላክላቸው ነበር፤ በ2012 የታተመው ውጤት ግን ወሬው የደረሳቸው ካልደረሳቸው የበለጠ ዋጋ እንዳላገኙ አሳየ። አጥማጁ በጀልባው ላይ ሳለ ወደ ቀኝ ወይም ወደ ግራ መዞር ይችላል። መንገዱ አንድ፥ ገበያው አንድ፥ አበዳሪውም ያው ገዢው የሆነበት ገበሬ ግን የሩቁን ዋጋ ቢሰማ ምን ያደርግበታል? ዋጋ ማወቅ የሚጠቅመው ገበያ ለመምረጥ የሚችለውን ሰው ነው።

4ኛ፤ ኩባንያዎቹ ሲያንሱ የሆነው ነገር

ሴፕቴምበር 5 ቀን 2016 ጂዮ የተባለ አዲስ ኩባንያ ተነሣ። ንግግሩን ያለ ዋጋ፥ ኢንተርኔቱንም ለብዙ ወራት በነጻ ሰጠ። በ2017 ደግሞ በኋላ የሚመለስ 1500 ሩፒ መያዣ ላስቀመጠ ሰው የእጅ ስልክ አቀረበ። ሕዝቡ ደስ አለው፤ ተፎካካሪዎቹ ግን ደከሙ። ኤርሴል በ2018 ከሰረ፤ ቮዳፎንና አይዲያ በዚያው ዓመት አንድ ሆኑ፤ ታታም ደንበኞቹን ለኤርቴል አስተላለፈ። በ2019 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ የመንግሥቱ ድርሻ ከስልክ ሥራ ውጭ ካለውም ገቢ እንዲታሰብ ስለ ፈረደ፥ በኩባንያዎቹ ላይ ብዙ የኋላ ዕዳ ተጫነባቸው። መንግሥቱም በ2023 ከቮዳፎን አይዲያ የሚፈልገውን ዕዳ ከፊሉን በአክሲዮን ተቀበለ። እንዲህ ሆኖ ዐሥር ያህል ከነበሩት ሦስት የግል ኩባንያዎችና የመንግሥቱ ኩባንያ ቀሩ።

ከዚያ ወዲያ ዋጋው በ2019፥ በ2021ና በ2024 ወጣ። መጀመሪያ የተነካው ጥቂት የሚከፍለው ሰው ነው። በ2018 መጨረሻ ትልልቆቹ ኩባንያዎች በየ28 ቀኑ ቢያንስ 35 ሩፒ ያልሞላ ሰው አገልግሎቱን ያጣል አሉ፤ ጥሪ እየጠበቀ ያለ ወጪ ይቀመጥ የነበረው ድኻ መከፈል ጀመረበት። ኢንተርኔት የማይቀበል ተራ ስልክ የያዘውም ሰው ንግግርና ኢንተርኔት በአንድነት ታስሮ ስለሚሸጥለት የማይጠቀምበትን ይገዛ ነበር። ስለዚህ በ2024 ዲሴምበር ተቈጣጣሪው ባለሥልጣን ንግግርና አጭር ጽሕፈት ብቻ የያዘ ክፍያ ለብቻው እንዲሸጥ አዘዘ።

5ኛ፤ ከዚህ የሚገኘው ትምህርት

ርካሽነት ስጦታ አይደለም፤ የአማራጭ ፍሬ ነው። ብዙ ሻጭ ሳለ ገዢው ይከበራል፤ ሻጩ ሲያንስ ገዢው ይለምናል። ለጊዜው በነጻ የሚሰጥ ነገር ሲመጣ አስተዋይ ሹም “ነገ ስንት ሻጭ ይቀራል?” ብሎ ይጠይቃል።

ኢትዮጵያም በዚህ መንገድ መጀመሪያ ላይ ናት። በ2022 ሳፋሪኮም ሥራውን እስኪጀምር ድረስ የስልክን አገልግሎት ለሕዝቡ የሚሸጠው የመንግሥቱ ኩባንያ ብቻ ነበር። ገበሬ ያለ ክፍያ እየደወለ የእርሻ ምክር የሚሰማበት የ8028 መሥመርም በ2014 ተከፍቷል። ነገር ግን የማሐራሽትራ ገበሬዎች እንዳሳዩት ወሬ ብቻውን ጐተራ አይሞላም። የወረዳ ሹም ወደ ሁለተኛው ገበያ የሚያደርሰውን መንገድ ቢያስጠግን፥ ሚዛኑን ቢያስመረምር፥ የአጐራባች ገበያዎችን ዋጋ በገበያው ቀን በጽሕፈት ቢያስለጥፍ፥ ገበሬው በስልኩ የሰማው ዋጋ በእጁ ገንዘብ ይሆንለታል። መሬት ያለውም ሰው ጐረቤቶቹን አስተባብሮ ጭነቱን በአንድነት ቢያስኬድ ኪራዩ ይቀልላቸዋል፤ የሩቁም ገበያ ይቀርባቸዋል።