ሁለት ጣቶቹ የከዱት ፒያኖ ተጫዋች

በዚህ ዕትም የዕውቀት ገጽ ተረኛ እኔ ነኝ። የመረጥኩት ሰው ሊዮን ፍላይሸር ይባላል። አሜሪካዊ ፒያኖ ተጫዋች ነበር፤ የኦርኬስትራ መሪም ነበር። ዓመቶቹን በሙሉ የጻፍኳቸው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው፣ እንዳትደናገሩ።

መጀመሪያ ስለ ፒያኖ ትንሽ ልበል። ፒያኖ 88 ቁልፎች አሉት፤ 52ቱ ነጭ፣ 36ቱ ጥቁር ናቸው። በግራ በኩል ያሉት ወፍራም ድምፅ፣ በቀኝ በኩል ያሉት ቀጭን ድምፅ ይሰጣሉ። ስለዚህ ብዙ ጊዜ ዜማውን የሚጫወተው ቀኝ እጅ ነው፤ ግራው ከሥር ያጅበዋል። ይህቺን ነገር ያዙልኝ፣ በኋላ እንፈልጋታለን።

ፍላይሸር በ1928 ሳን ፍራንሲስኮ ከተማ ተወለደ። ፒያኖ የጀመረው በ4 ዓመቱ ሲሆን በ8 ዓመቱ ሕዝብ ፊት ቀርቦ ተጫወተ። በ9 ዓመቱ አርቱር ሽናብል የተባለ ታላቅ መምህር ተማሪው አደረገው። እዚህ ላይ እኔ በጣም የገረመኝ ነገር አለ። ሽናብል የሌሸቲትስኪ ተማሪ ነው፣ ሌሸቲትስኪ የቼርኒ ተማሪ ነው፣ ቼርኒ ደግሞ የራሱ የቤትሆቨን ተማሪ ነው! እኛ አባት፣ አያት፣ ቅድመ አያት እያልን ዘር እንደምንቆጥረው የፍላይሸርን መምህራን ወደ ኋላ ብንቆጥር አራተኛው ላይ ቤትሆቨንን እናገኛለን ማለት ነው።

በ16 ዓመቱ ከኒውዮርክ ፊልሃርሞኒክ ኦርኬስትራ ጋር ተጫወተ። በ1952 ብራስልስ ውስጥ በሚካሄደው የንግሥት ኤልሳቤጥ ውድድር አንደኛ ወጣ፤ ይህንን ውድድር ያሸነፈ የመጀመሪያው አሜሪካዊ እሱ ነው። ከዚያ በኋላ ከክሊቭላንድ ኦርኬስትራና ከመሪው ከጆርጅ ሴል ጋር የቤትሆቨንንና የብራምስን የፒያኖ ኮንቼርቶዎች በሸክላ አስቀረጸ። ኮንቼርቶ ማለት አንድ ተጫዋች ብቻውን ከፊት ሆኖ ከመላው ኦርኬስትራ ጋር እየተመላለሰ የሚጫወተው ረጅም ሙዚቃ ነው።

እንግዲህ ችግሩ የመጣው ሁሉም ነገር ጥሩ በሆነበት ሰዓት ነው። ዕድሜው 36 ዓመት አካባቢ ሲሆን የቀኝ እጁ የቀለበት ጣትና ትንሿ ጣት አልታዘዝ አሉት። ሊጫወት ሲል ወደ መዳፉ ይታጠፋሉ። እሱ ደግሞ «ልምምድ አነሰኝ» ብሎ ይበልጥ ተለማመደ፤ ይበልጥ ባሰበት። እስቲ አሁን ሞክሩት። ቀኝ እጃችሁን ዴስክ ላይ አድርጉና ሁለቱን ጣቶች ወደ መዳፋችሁ እጠፉ። በቀሩት ሦስት ጣቶች ከአንድ እስከ አምስት እየቆጠራችሁ ቶሎ ቶሎ ምቱ። አይሆንም አይደል? ቀጭኖቹን ድምፆች ለመንካት ከሁሉም በላይ የሚያስፈልጉት እኮ እነዚያ ሁለት ጣቶች ናቸው።

ሕመሙ ፎካል ዲስቶኒያ ይባላል። የተሰበረ አጥንት የለም፣ ቁስልም የለም። አንጎል ለጣቶቹ የሚልከው ትዕዛዝ ነው የሚሳሳተው። እንዲህ ያለው ነገር አንድን ጥቃቅን እንቅስቃሴ ሺህ ጊዜ የሚደጋግሙ ሰዎችን፣ ለምሳሌ ሙዚቀኞችን፣ ይይዛል። ፍላይሸር ግን የሕመሙን ስም እንኳን ያወቀው ከብዙ ዓመታት በኋላ ነው። ብዙ ሕክምና ሞከረ፣ አልተሳካም። በጣም አዘነ፣ ተስፋም ቆረጠ። ፀጉሩን አሳደገ፣ ቬስፓ ሞተር ብስክሌት ገዛ። ሰው ሲጨንቀው ምን እንደሚያደርግ አይታወቅም።

በኋላ ሦስት ነገር ያዘ። አንደኛው ማስተማር ነው፤ ባልቲሞር በሚገኘው ፒቦዲ የሙዚቃ ትምህርት ቤት ከ1959 ጀምሮ ያስተምር ነበርና ጠንክሮ ቀጠለ። ሁለተኛው በግራ እጅ ብቻ መጫወት ነው። ለግራ እጅ ብቻ የተጻፈ ሙዚቃ አለ እንዴ? አለ። ፓውል ቪትገንሽታይን የተባለ የቪየና ፒያኖ ተጫዋች በአንደኛው የዓለም ጦርነት ቀኝ ክንዱን አጥቶ ነበር። ሀብታም ቤተሰብ ስለነበረው ታላላቅ ደራሲያንን እየከፈለ ለግራ እጅ አስጻፈ። ፈረንሳዊው ራቬል የጻፈለት ኮንቼርቶ በ1932 ቪየና ውስጥ ተሰማ። ፕሮኮፊየፍም ጻፈለት፤ ይህንን ግን ቪትገንሽታይን ስላልወደደው ጭራሽ ሳይጫወተው ቀረ። ፍላይሸር የራቬልን ሥራ ብዙ ጊዜ ተጫውቶታል።

ሦስተኛው ኦርኬስትራ መምራት ነው። መሪው ኮንዳክተር ይባላል። (በሳይንስ ክፍለ ጊዜ ኤሌክትሪክ የሚያስተላልፈውም ኮንዳክተር ነው የሚባለው፤ እኔ ሁለቱ የሚመሳሰሉ ይመስለኛል።) ብዙ ልጆች መሪውን ሲያዩት «ይሄ ሰውዬ እጁን ከማወዛወዝ ሌላ ምን ይሠራል?» ይላሉ። ቀኝ እጁ በቀጭን ዘንግ ምቱን ይቆጥራል። ግራ እጁ «ከፍ አድርጉ፣ ዝቅ አድርጉ፣ አሁን ግቡ» ይላል። ትልቁ ሥራው ግን የልምምድ ጊዜ ላይ ነው። ፒያኖ ተጫዋች በአንድ ጊዜ የሚያነበው ሁለት መደዳ ኖታ ነው፤ መሪው ፊት የተዘረጋው ወረቀት ላይ ግን የቫዮሊኑም፣ የዋሽንቱም፣ የመለከቱም፣ የከበሮውም ኖታ እላይና ታች ተደርድሯል። ሁሉንም እኩል ማየት አለበት። አንዱ ቢሳሳት ማን እንደሆነ በጆሮው መለየት አለበት። እሱ ራሱ ደግሞ አንድም ድምፅ አያወጣም። በአሥር ጣቱ ሁሉንም ሲያሰማ ለኖረ ሰው ይሄ ከባድ ይመስለኛል።

ፍላይሸር በ1970 የአናፖሊስ ሲምፎኒ ኦርኬስትራ መሪ ሆነ፤ ከባልቲሞር ሲምፎኒም ጋር ሠርቷል። አንዳንድ ሰው «መሪ የሆነው ፒያኖው ስላመለጠው ነው» ሊል ይችላል። እኔ አልስማማም። እሱ ራሱ ከሙዚቃ ጋር ያለው ግንኙነት በሁለት እጅ ፒያኖ ከመጫወት እንደሚበልጥ የገባው ያኔ መሆኑን ተናግሯል።

በ1990ዎቹ አጋማሽ ሐኪሞች ቦቶክስ የተባለውን መድኃኒት ወጉት። ቦቶክስ የሚሠራው ከመርዝ ነው፤ በጣም ትንሽ ሲሆን ግን የተኮማተረ ጡንቻን ያላላል። ጣቶቹ ተዘረጉ! ሙሉ በሙሉ አልዳነም፣ መርፌውን እየደጋገመ መወጋት ነበረበት። በ2004 «ሁለት እጆች» የሚል አልበም አወጣ። ከዚያም በኋላ መጫወቱንም ማስተማሩንም ሳያቆም በ2020 በ92 ዓመቱ ባልቲሞር ውስጥ አረፈ።

የዚህ ዕትም ጥያቄ፦ አንድ ሰው በግራ እጁ ብቻ ፒያኖ ሲጫወት ዜማውን ብዙ ጊዜ የሚይዘው የትኛው ጣት ነው? ለምን? ያዙልኝ ያልኳችሁን አስታውሱና ግራ እጃችሁን ዴስክ ላይ ዘርግታችሁ እዩት። መልሱን ከነስማችሁና ከነክፍላችሁ ጽፋችሁ እስከ ዓርብ ሚኒ ሚዲያ ክፍል በር ላይ ያለው ሳጥን ውስጥ ክተቱ።